ጓዛችሁን ከመጠቅለላችሁ በፊት

ሥራ ለመቀየር ለተዘጋጁ ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት መስመር ነው። ብዙ ዓመት የሠራሁት በሰው ሀብት ክፍል ነው። አዲስ ሰው ስንቀጥር ለኃላፊ የምናስፈርመው ቅጽ ነበረን። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ ሥራ የሚጀመርበት ቀን። ከዚያ ወረድ ብሎ «የዝውውር ድጋፍ» የሚል መስመር አለ። ሰውየው ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ አገር የሚመጣ ከሆነ ለዕቃው ማጓጓዣ፣ ለትኬቱ፣ ቤት እስኪያገኝ ለሚያርፍበት የሚሰጠው ገንዘብ እዚያ ላይ ይጻፋል። ተቀጣሪው ካልጠየቀ ግን ሰረዝ እንሞላበታለን። አንዲት አጭር ሰረዝ። ቅጹ ይፈረማል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ አለቀ።

ያንን ሰረዝ ስንቴ እንደሞላሁ አልቆጠርኩም። ብዙ ጊዜ ግን በጀቱ ተይዞ ነበር። ሰውየው አልጠየቀም፣ እኛም አላነሳነውም። ማንም ሊጎዳው አስቦ አይደለም። ቀጣሪው የሚያስበው ክፍት ቦታውን ስለመሙላት ነው። እናንተ ስንት ካርቶን እንዳላችሁ፣ ለአከራያችሁ የስንት ወር ማሳወቂያ እንዳለባችሁ ከየት ያውቃል?

እኔ ራሴም ያ ሰረዝ ደርሶብኛል። የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራዬን ሳገኝ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረብኝ። ደመወዙን ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደብዳቤውን በዚያው ቀን ፈርሜ ላክሁ። ማታ ቤት ገብቼ ዕቃዬን ማየት ጀመርኩ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት። በማግስቱ የጭነት መኪና ዋጋ ጠየቅኩ። ለካ ደመወዙን እንጂ መንገዱን አላሰብኩትም። ለአከራዬ ቀድሜ ስላላሳወቅኩ የአንድ ወር ኪራይ በከንቱ ከፈልኩ። አዲሱ ቤት ደግሞ የሦስት ወር ቅድሚያ ተጠየቀበት። መንገድ ላይ የቁም ሳጥኑ መስታወት ተሰነጠቀ። ሾፌሩ «አስተሳሰራችሁ ነው» አለ፣ እኔ «አነዳድህ ነው» አልኩ፣ መጨረሻ ላይ ተሸክሜው የገባሁት እኔው ነኝ። የመጀመሪያ ደመወዜ እስኪደርስ ከታላቅ እህቴ ተበድሬ ነው የኖርኩት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምሳ ሰዓት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ተቀመጥን። እሱም እንደ እኔ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። የተቀጠርነው በአንድ ሳምንት ልዩነት፣ ደረጃችንም አንድ። ወሬ ወሬን አነሳና ስለ ዕቃ ወሬ መጣ። «እኔን መሥሪያ ቤቱ መኪና ልኮልኝ ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው አሽገው ጫኑልኝ» አለኝ። «እንዴት ሰጡህ?» ስለው ግራ ገባው። «ጠየቅኳቸዋ!» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት።

በመጀመሪያ ለምን እንደማንጠይቅ እናውራ፤ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚታሰረው። ያሳደገን ይሉኝታ ነው። ገና ሳይገባ ገንዘብ የሚጠይቅ እንዳንባል እንፈራለን። «ሥራውን መስጠታቸው አይበቃም እንዴ?» የሚል ድምፅ ከውስጣችን ይወጣል። ይሉኝታ መጥፎ ነገር አይደለም። ከሰው ጋር ተከባብሮ ለመኖር ያስፈልገናል። የቅጥር ድርድር ላይ ግን ቦታው አይደለም። እዚያ ያለው ወዳጅ ወይም ዘመድ ሳይሆን ውል ነው። ውል ላይ ዝም ማለት ተስማምቻለሁ ማለት ነው። አባቶቻችን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ሌላው ፍርሃት «ቅጥሩን ቢሰርዙብኝስ?» የሚለው ነው። ይህን በቁም ነገር እመልሳለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ። በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ሰው በጨዋ ቋንቋ፣ በአንድ ጊዜ፣ የተዘረዘረ ጥያቄ ስላቀረበ ብቻ ቅጥሩ ሲሰረዝበት አላየሁም። «አይቻልም» የተባለ አለ። ግማሹ የተሰጠው አለ። የተሰረዘበት አላየሁም። ችግር ሲፈጠር ያየሁት ሰው ተስማምቶ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ያም ከተሰጠው በኋላ ደግሞ ሌላ ሲያነሳ ነው። ያኔ ኃላፊዎች «ይሄ ሰው ገብቶም እንዲህ ነው» ይላሉ። ስለዚህ አንዴ ጠይቁ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጠይቁ።

ደግሞም ቀጣሪው ለዝውውር መክፈል ከደመወዝ ጭማሪ ይልቅ ይቀለዋል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ደመወዝ ላይ የተጨመረ ገንዘብ በየወሩ ይወጣል። የጡረታ መዋጮው፣ ቦነሱ፣ የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ ሁሉ በእሱ ላይ ይሰላል። እዚያው መደብ ላይ ያሉ ነባር ሠራተኞችም ሲሰሙ ያኮርፋሉ። የዝውውር ገንዘብ ግን አንዴ ወጥቶ ያበቃል። ብዙ ቦታ የሚወጣውም ከሌላ የበጀት ርዕስ ነው። ደመወዝ ላይ «ጣሪያው ይሄው ነው» ያለ ኃላፊ ስለ ዕቃ ማጓጓዣ ሲጠየቅ ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። እምቢ ማለት ሰልችቶት ነበርና አንድ እሺ የሚልበት ነገር አገኘ።

እንግዲህ ምንድን ነው የሚጠየቀው? አንዲት መሐንዲስ ላስታውሳችሁ። ስሟን አልጠራም። ከሌላ አገር ነበር የምንቀጥራት፤ ባለቤቷና ሁለት ልጆቿም አብረዋት ይመጣሉ። ደብዳቤውን በላክንላት በአራተኛው ቀን አንድ ገጽ ላከችልን። ያ ገጽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከላይ የሚነበበው «በጥቅምት መጀመሪያ ሥራ እንድጀምር የሚያስፈልገኝ» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ «እርዱኝ» አላለችም። የእኛን ቀን ነው ያስቀደመችው። ከሥር የአራት ሰው ትኬት። ቀጥሎ የዕቃ ማጓጓዣ፤ ከሦስት ድርጅት የመጣ ፕሮፎርማ ተያይዞ፣ መካከለኛውን መርጣ፣ ለምን ርካሹን እንዳልመረጠች በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ። ቀጥሎ ዕቃው በመርከብ የሚደርስበት ጊዜ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ስለዚህ የእኛ ደብዳቤ የሚለው የ30 ቀን ማረፊያ እንደማይበቃና 60 ቀን እንደሚያስፈልጋት። ቀጥሎ የቤት ውሏን ቀድማ በማቋረጧ የምትከፍለው ቅጣት፣ ከውሉ ገጽ ፎቶ ጋር። የቪዛና የሰነድ ማረጋገጫ ወጪ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪመዘገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ፈቃድ።

ያንን ገጽ ይዤ ወደ ኃላፊው ገባሁ። አስር ደቂቃ አልፈጀም። «ይቺ ልጅ ገና ሳትመጣ ሥራ ጀምራለች» አለና ፈረመ። አንዱን ብቻ ነው የቀነሰው፤ ማረፊያውን 45 ቀን አደረገው።

ለምን ሠራ? ቁጥሩ የመጣው ከፕሮፎርማ ስለሆነ ማንም «ከየት አመጣሽው?» ሊላት አይችልም። «ወጪዬ ብዙ ነው፣ ትንሽ ብታግዙኝ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ እኛ ነበርን ቁጥሩን የምንመርጠው። ከፋዩ ራሱ ሲመርጥ ደግሞ ትንሹን ነው የሚመርጠው።

እናንተም ወረቀቱን ስትሠሩ ከቤታችሁ በር ተነሱና በሐሳብ እስከ አዲሱ በር ድረስ ሂዱ። ማሸጊያ፣ ጭነት፣ ትራንስፖርት፣ ማውረድ። ዕቃው ከእናንተ በፊት ወይም በኋላ ቢደርስ መጋዘን። ቤት ለማየት አስቀድሞ የሚደረግ አንድ ጉዞ። መኪና ካላችሁ እሱም እንዴት እንደሚሄድ። የምትለቁት ቤትና የምትገቡበት ቤት ኪራይ የሚደራረብባቸው ሳምንታት፤ ይቺን ሁሉም ሰው ይረሳታል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከማጓጓዣው ትበልጣለች። ባለቤታችሁ ሥራ የሚለቅ ከሆነም ሥራ በመፈለግ እንዲያግዙ መጠየቅ ይቻላል። የኔ ምክር፣ ለአዲሱ ቤት የምታስይዙትን ዲፖዚት ከወጪ ጋር አትደባልቁት። እሱ የሚመለስ ገንዘብ ነው። እሱን በብድር ወይም በደመወዝ ቅድሚያ መልክ ጠይቁ። ወጪና ብድርን የለየ ወረቀት የሚያምን አንባቢ ያገኛል።

ስለ ማጓጓዣው ዋጋ አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአውሮፕላን የሚሄድ ዕቃ በክብደቱ ብቻ አይደለም የሚከፈልበት። ስፋቱም ይሰላል። የተለመደው ስሌት የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ6,000 ማካፈል ነው። በየጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ውስጥ ትራስና ብርድ ልብስ ብታደርጉ ሚዛን ላይ 8 ኪሎ ሊሆን ይችላል። የምትከፍሉት ግን እንደ 36 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለስለስ ያለውና ሰፊው ዕቃ በመርከብ ወይም በየብስ ይሂድ፤ አንዳንዱንም ትቶ እዚያ መግዛት ይረክሳል። ቀጣሪው «100 ኪሎ በአየር እንከፍላለን» ሲላችሁ የትኛውን ኪሎ እንደሆነ ጠይቁ።

ኢንሹራንሱንም እንዲሁ። «ዕቃው ዋስትና አለው» መባሉ አይበቃም። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ከግዛት ወደ ግዛት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው መሠረታዊ ኃላፊነት ለአንድ ዕቃ በእያንዳንዱ ፓውንድ ክብደት (ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው) 60 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነው። 12 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር 16 ዶላር አካባቢ ይደርሳችኋል ማለት ነው። ሙሉ ዋጋ የሚተካ ዋስትና ከፈለጋችሁ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ያ ተጨማሪ ወረቀታችሁ ላይ አንድ መስመር ይሁን። የኔን ቁም ሳጥን አስታውሱ።

አሁን ገንዘቡ በምን መልክ ይምጣ ወደሚለው እንግባ። አንዳንዱ ቀጣሪ ጥቅል ገንዘብ ይሰጣል፤ «ይኸው፣ እንደፈለግክ አድርገው» ይላል። አንዳንዱ አንተ ክፈል፣ ደረሰኝ አምጣ፣ እንመልስልሃለን ይላል። ሌላው ከድርጅት ጋር ተዋውሎ ራሱ ይከፍላል። ጥቅሉ ነፃነት አለው፤ ቆጥባችሁ ብታስተርፉ የእናንተ ነው፣ ቢጎድል ግን ከኪሳችሁ ነው። ቀጣሪው ራሱ ሲከፍል ጣጣው ይቀንሳል፣ ምርጫውም አብሮ ይቀንሳል። በደረሰኝ የሚመለሰው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ቁጠባ የሌለው ሰው ቀድሞ ሊከፍል አይችልም። «እንመልሳለን» ማለት ለእሱ በሩቅ ያለ ውሃ ነው። እንዲህ ከሆነ «ግማሹን በቅድሚያ ልትሰጡኝ ትችላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ደረሰኙ እስከ መቼ መቅረብ እንዳለበትም ጠይቁ። ቀኑ ያለፈበት ደረሰኝ ይዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ታክስ። ይቺን ቃል ሳልናገር ብሄድ ህሊናዬ ይወቅሰኛል። የተሰጣችሁ ገንዘብ በሙሉ እጃችሁ ላይገባ ይችላል። አገሩ ለየት ለየት ይላል። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራሉ ሕግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጣሪ ለዝውውር የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ይቆረጥበታል፤ በሥራ ላይ ላሉ የጦር ኃይል አባላት ግን የተለየ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ወጪው ሕጉ ከዘረዘራቸው ዓይነት ከሆነ እስከ 8,000 ፓውንድ ድረስ ከታክስ ነፃ ነው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ አዲሱ ቤት ከድሮው ይልቅ ቢያንስ 40 ኪሎ ሜትር ወደ አዲሱ ሥራ የቀረበ ከሆነ ሠራተኛው ከራሱ ኪስ ያወጣውን የዝውውር ወጪ በሕጉ ልክ ከገቢው ላይ ማስቀነስ ይችላል። የምትሄዱበት ቦታ ሕግ ምን እንደሚል ከመፈረማችሁ በፊት አጣሩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 30 በመቶ ታክስ ቢኖርና 100 ቢሰጧችሁ የሚደርሳችሁ 70 ነው። የጭነት ድርጅቱ ግን 100 ነው የሚጠይቃችሁ። ሙሉ 100 እንዲደርሳችሁ ቀጣሪው 143 ገደማ ማውጣት አለበት። መቶን ለ0.7 አካፍሉት፣ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ብቻ አይደለም። «ይህ ከታክስ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ታክሱን እናንተ ትሸፍኑታላችሁ?» ማለት ያስፈልጋል። ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ጥያቄ ለምደውታል። ትንንሾቹ አንዳንዴ ከእናንተ ነው የሚሰሙት።

ከታክሱም የባሰ ሰው የሚያስለቅሰው ግን የመመለስ ግዴታው ነው። ብዙ ቀጣሪ ለዝውውር ሲከፍል «ከ12 ወር ወይም ከ24 ወር በፊት ከለቀቅክ ገንዘቡን ትመልሳለህ» የሚል አንቀጽ ያስገባል። ይህ በራሱ ፍትሐዊ ነው። ገንዘብ አውጥቶ ያመጣው ሰው በሦስተኛው ወር ቢሄድበት ይጎዳል። አንቀጹ እንዴት እንደተጻፈ ነው ማየት ያለባችሁ።

ሁለት ዓመት የተባለ ግዴታ አለባችሁ እንበል። 18 ወር ሠርታችሁ ለቀቃችሁ። አንቀጹ «ሙሉውን ይመልሳል» ካለ ሙሉውን ትከፍላላችሁ፤ አንድ ቀን እንዳልሠራችሁ። «ባልተሠራው ወር ልክ» ካለ የቀራችሁ 6 ወር ነው፣ ከ24ቱ ሩብ። ሩቡን ብቻ ትመልሳላችሁ። ልዩነቱ ያለው በሦስት ቃል ውስጥ ነው። እነዚያን ሦስት ቃላት አስገቡልኝ ብላችሁ ጠይቁ። በእኔ ልምድ ቀጣሪ ቶሎ እሺ የሚለው ይሄንን ነው፤ ዛሬ አንድም ሳንቲም አያስወጣውማ።

ደግሞ «ሥራው በማንኛውም ምክንያት ከተቋረጠ» የሚል አንቀጽ ካያችሁ ቁሙ። «በማንኛውም ምክንያት» ውስጥ ድርጅቱ ራሱ ሠራተኛ ሲቀንስም አለ። አንድ ሰው ቤተሰቡን ነቅሎ መጥቶ፣ በሰባተኛው ወር መደቡ ታጥፎበት፣ ከመጨረሻ ደመወዙ ላይ የዕቃ ማጓጓዣ ሲቆረጥበት አይቻለሁ። ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ፈርሟል፤ ምንም ማድረግ አልተቻለም። ከቢሮዬ ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ያን ቀን ሥራዬን ጠላሁት። ስለዚህ «በራሴ ፈቃድ ስለቅ ወይም በከባድ ጥፋት ስሰናበት ብቻ» ተብሎ ይስተካከል። የምትመልሱት እጃችሁ የገባውን የተጣራውን ይሁን ወይስ ታክሱን ጨምሮ፣ እሱም ይጻፍ። ወሩ የሚቆጠረው ከሥራ መጀመሪያችሁ ነው ወይስ ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን? ይሄም ይጻፍ።

መቼ ነው የሚጠየቀው? ቀጣሪው መርጧችሁ፣ ደብዳቤውን ልኮ፣ እናንተ ገና ሳትፈርሙ። ያቺ የጥቂት ቀናት ክፍተት ናት። ከዚያ በፊት ገና አልመረጧችሁም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጨርሳችኋል። የድሮ ሥራችሁንም ይህ ሳያልቅ አትልቀቁ። መልቀቂያ ያስገባ ሰው ድምፁ ራሱ ይቀየራል። ስልክ ላይ ይሰማል፣ እመኑኝ።

ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም። ስልክ ደውላችሁ ወይም በኢሜይል እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ሥራውን በደስታ ነው የምቀበለው። ከመፈረሜ በፊት አንድ የቀረን ጉዳይ የዝውውሩ ነው። በተባለው ቀን ለመጀመር የሚያስፈልገኝን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ልኬልዎታለሁ። አይተው ምን ያህሉን መሸፈን እንደምትችሉ ቢነግሩኝ።» በቃ።

እዚህ ላይ አፋችሁን ያዙ። ይሄ ነው ከባዱ። እኛ ጠይቀን ዝም ማለት አንችልም። ጥያቄው ከአፋችን ወጥቶ ሳይጨርስ «ካልሆነም ግድ የለም» እንላለን። ስልክ ይዤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሰውየው በትክክል ጠየቀ፣ እኔ ወረቀት እያየሁ ሁለት ሰከንድ ዝም አልኩ፣ እሱ ዝምታውን መሸከም አቃተውና «ባይመችም ችግር የለውም፣ እኔ እንደምንም እወጣዋለሁ» አለ። እኔ እኮ እምቢ ልል አልነበረም። ቅጹን እየፈለግኩ ነበር። ግን «እወጣዋለሁ» ካለ ምን ብዬ ወደ ኃላፊ እገባለሁ? ሰረዝ ሞላሁ። እባካችሁ ያቺን «ግድ የለም» ተዉልኝ። ግድ አለው።

እምቢ ቢሏችሁስ? «ፖሊሲያችን አይፈቅድም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዴ እውነት ነው። በተለይ ትልልቅ ድርጅቶች የዝውውር ድጋፍን በደረጃ ከፋፍለው ነው የሚያስቀምጡት፤ ለዚህ መደብ ይህን ያህል ብለው። ከዚያ ውጭ የሰው ሀብት ባለሙያው እጅ የታሰረ ነው። ያኔ ስሙን ቀይሩት። «በዝውውር ካልተቻለ በፊርማ ገንዘብ መልክ ይቻላል?» በሉ፤ ውል ሲፈረም አንዴ የሚሰጥ ገንዘብ ማለት ነው። ያም ካልሆነ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቀን በሦስት ሳምንት ይገፋልኝ፣ ልጆቼ የትምህርት ዓመቱን ይጨርሱ። የመጀመሪያውን ወር ከርቀት ልሥራ። ከድርጅቱ ጋር ውል ባለው አጓጓዥ በእናንተ ዋጋ ልጫን። ይሄ የመጨረሻው በጣም ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ጭነት የሚሰጥ ድርጅት ያለው ዋጋ እናንተ ተከራክራችሁ ከምታገኙት ይሻላል። ትንሽ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ፖሊሲ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። ባለቤቱ ራሱ ነው ፖሊሲው፤ በቀጥታ እሱን አነጋግሩ።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። የሌለ ሌላ ቅጥር አለኝ አትበሉ፣ ፕሮፎርማ አታሳብጡ። አንዴ ከተደረሰበት የሚጠፋው የጭነት ገንዘቡ ብቻ አይሆንም።

የተስማማችሁበት ሁሉ ደብዳቤው ላይ ይግባ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ስልክ ላይ «እሱን እንጨርሳለን፣ አያስቡ» ያሏችሁ ሰው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን እናንተ ሳትደርሱ ሥራ ሊቀይር ይችላል። እሱም ሰው ነው። ስልኩን እንደዘጋችሁ «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብላችሁ ኢሜይል ጻፉ። ከዚያም የተስተካከለው ደብዳቤ እስኪመጣ ጠብቁ። ከዚያ ፈርሙ።

ንግግሩ እዚህ ላይ አልቆ ጥያቄዎች ተነስተው ነበር። ሁለቱን ልጻፋቸው።

አንድ በቅርቡ የተመረቀ ወጣት «እኔ አንድ ሻንጣ ነው ያለኝ። ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» አለ። ልጄ፣ ሻንጣህ አንድ ቢሆንም ማደሪያ ያስፈልግሃል አልኩት። ዕቃ ለሌለው ሰው ትልቁ ወጪ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። ቤት ሳታውቅ፣ ሰፈር ሳትመርጥ፣ ተቻኩለህ የምትፈርመው የኪራይ ውል ዓመቱን ሙሉ ያስጨንቅሃል። አንተ ጠይቅ ትኬትና የ30 ቀን ማረፊያ። የምትሄደው ወደ ሌላ አገር በኮንትራት ከሆነ ደግሞ ውሉ ሲያበቃ የመመለሻ ትኬትህን ማን እንደሚከፍል ዛሬውኑ አስጽፍ። ሲኬድ ሁሉም ያስባል፣ ሲመለሱ ማንም አያስታውስም።

ከኋላ የተቀመጠች እናት ደግሞ እጇን አነሳች። ፈርማለች፣ መልቀቂያም አስገብታለች፣ የሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። «ለእኔ አለፈ ማለት ነው?» አለችኝ። ገንዘቡ ምናልባት አልፏል፣ እህቴ። አልዋሽሽም። ግን ዛሬ ማታ አንድ ኢሜይል ጻፊ። ዕቃሽ የሚደርስበትን ቀን ንገሪያቸውና ለዚያ ቀን ፈቃድ ጠይቂ። ለአዲሱ አከራይሽ የምታሳዪው ደመወዝሽንና የሥራ መደብሽን የሚገልጽ የቅጥር ማረጋገጫ ደብዳቤ ከሰኞ በፊት እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ያ ደብዳቤ ካለሽ ቅድሚያ ክፍያው ላይ መከራከር ትችያለሽ። የመጀመሪያ ደመወዝሽ ከፊሉ በቅድሚያ ይሰጠኝ በይ። ከድርጅቱ ጋር የሚሠራ አጓጓዥ ካለም ስልኩን ጠይቂ። ስትጽፊ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ካልተመቸም ችግር የለውም» የሚለውን አትጨምሪበት። ስሟን ብቻ እንድትጽፍ ነገርኳት። ስልኳን አወጣችና እዚያው ወንበሯ ላይ መጻፍ ጀመረች።